ጤነኛ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?

ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የተጠናወተኝ አንድ አመል አለ። ሰው ሲያወራ፣ የሚነግረኝን ነገር ብቻ ሳይሆን የተናገረበትን ቃል ጭምር አገላብጬ ካላየሁ እረፍት የለኝም። ማስተማሩን ከተውኩት ቆየሁ፤ አመሉ ግን አልተወኝም። ሰሞኑን አላስተኛ ያለኝ ቃል «ምርመራ» የሚለው ነው።

«እገሌ ምርመራ ላይ ነው» ከተባለ ሁለት ቦታ ነው የሚታየን፤ ወይ ፖሊስ ጣቢያ፣ ወይ ሐኪም ቤት። ሁለቱም ቦታ የሚገኘው የተጠረጠረ ሰው ነው፤ አንደኛው በወንጀል፣ ሁለተኛው በበሽታ። ማንም ሳይጠረጥረው፣ ምንም ሳያመው፣ በገዛ እግሩ ሄዶ «እስቲ መርምሩኝ» የሚል ሰው በልማዳችን ቦታ የለውም። የሠፈራችን እናቶች «ጤነኛ ሆኜ ሐኪም ቤት ምን ልሠራ?» ሲሉ አላዋቂነት አይደለም። ቃሉ ራሱ ያስተማራቸውን ነው የሚናገሩት።

የጤና ባለሙያዎች ይህን አይተው ይመስለኛል «ልየታ» የሚል ቃል አመጡልን። «የቅድመ ካንሰር ልየታ» ይላል ጤና ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት። ቃሉ ክፋት የለውም፤ እህልን ከእንክርዳድ እንደ መለየት ነው። ዳሩ ግን በኛ ቤት «ተለየችን» ማለት ሞተች ማለት ነው። አንዲት ጎረቤቴ ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችና፣ «ኧረ እኔ ገና ከልጆቼ መለየት አልፈልግም!» ብላ በሣቅ አፈረሰችን።

በዚያ ላይ የበሽታው ስም አለ። ነቀርሳም እንበለው ካንሰር፣ ብዙ ሰው በሁለቱም አይጠራውም። «ያ በሽታ» ይላል፣ «ክፉው በሽታ» ይላል፣ ከባሰም «ስሙን ቄስ ይጥራው» ብሎ ያልፈዋል። ስሙ ለማይጠራ በሽታ ቀጠሮ መያዝ ከባድ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ግን ጥፋቱን በቃላት ላይ ጭኜ ለመገላገል አይደለም። እንዲያውም ብዕር ያስነሳችኝ ሌላ ዓረፍተ ነገር ናት። በየስብሰባው፣ በየሬዲዮው፣ በየዓውደ ጥናቱ ስለ ካንሰር በተወራ ቁጥር አንዱ ተነስቶ «ዋናው ችግር የሕብረተሰቡ ግንዛቤ ማነስ ነው» ይላል። ተሰብሳቢው ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ሻይ ይጠጣል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር እጠረጥራታለሁ። ለምን እንደምጠረጥራት ከመናገሬ በፊት ግን ስለ የትኛው ምርመራ እንደማወራ ላስረዳ።

ስለ ማህፀን በር ካንሰር ነው የማወራው። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚከሰቱት የካንሰር ዓይነቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሁለተኛነት የሚገኘው እርሱ ነው። ከሌሎቹ የሚለየው ነገር ቢኖር መነሻው በደንብ መታወቁ ነው። ሂውማን ፓፒሎማ የሚባል በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ያመጣዋል። ይህን ያገኘው ጀርመናዊ ሳይንቲስት ሐራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። ቫይረሱ የሴሰኞች ምልክት አይደለም፤ በትዳሯ ተወስና የኖረች ሴት ጭምር ይደርሳታል፤ አብዛኛዎቹን ደግሞ ሰውነታቸው ራሱ ታግሎ ያስወጣላቸዋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ይቀመጣል። ተቀምጦም ማህፀን በር ላይ ያሉትን ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይለውጣል።

ቀስ በቀስ የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ለውጡ ካንሰር እስኪሆን በጤነኛ ሴት ላይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ ባለና ሕክምና ባላገኘች ሴት ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት። ይህ ማለት አንድ ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ በሽታው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረታችን ለዚህ በሽታ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን፣ አንድ ሰው ቢያየው ይቀራል።

አይቶ ለማስቀረት ደግሞ የግድ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በአገራችን በየጤና ተቋሙ የሚሠራበት ዘዴ የሚገርም ነው። ባለሙያዋ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የኮምጣጤውን አሲድ፣ በጥጥ ነክራ ማህፀን በር ላይ ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። የተለወጠ ቦታ ካለ ይነጣል። የነጣውን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት እዚያው፣ በዚያው ቀን ማክሰም ይቻላል። ማደር የለ፣ ቀዶ ጥገና የለ። ተነስታ በእግሯ ትሄዳለች።

እንግዲህ በኮምጣጤ የሚያዝ ሌባ ነው። ታዲያ በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ወደ 350 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች የሞቱበት ምን ሆኖ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከነዚያ ከሞቱት ከ100ዎቹ 94ቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። በሽታው ሀብታምና ድሀ መርጦ አይደለም የሚይዘው፤ ቫይረሱ ሁሉም ጋ አለ። የሚመርጠው የሚገድላትን ነው። በኛ አገር በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ30 እስከ 49 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ውስጥ ካሉ ከ100 ሴቶች በሕይወቷ አንድ ቀን ተመርምራ የምታውቀው ወደ 3 ገደማ ብቻ ሆና ተገኝታለች። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ የሚሰጥባቸው ተቋማት ቁጥር ጨምሯል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሦስቱ እነማን ነበሩ፣ ዘጠና ሰባቱስ የት ነበሩ የሚለው ነው።

ከሦስቱ አንዷ እኔ ነበርኩ ማለት እችላለሁ። በ2007 ዓ.ም. 45 ዓመቴ ነበር። ሐኪም የሆነች አንዲት የቀድሞ ጓደኛዬ ቡና ላይ «ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ስልኳን አውጥታ እዚያው ቀጠሮ አስያዘችኝ። የግል ክሊኒክ ነበር። በማግስቱ ከሥራ አስፈቀድኩ፤ ደመወዜ አልተቆረጠብኝም። ታክሲ ያዝኩ። የከፈልኩትን ገንዘብ ዛሬ አላስታውሰውም፤ አለማስታወሴ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ባለሙያዋ ሴት ነበረች፤ ምን እንደምታደርግ አስቀድማ ነገረችኝ። ማፈሩ ነበረ፣ ሕመም ግን አልነበረም። ሃያ ደቂቃ ባይሞላው ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በሠፈሬ ጤና ጣቢያ፣ ያለ ክፍያ፣ በዚያው በኮምጣጤው ዘዴ ታየሁ። ያም ቢሆን መልካም ነበር።

እስቲ አሁን ያንን ሃያ ደቂቃ ለማግኘት ያስፈለገኝን ልቁጠር። ሐኪም ጓደኛ፣ ስልክ፣ ገንዘብ፣ ታክሲ፣ ፈቃድ የሚሰጥ ቀጣሪ፣ ልጅ የሚጠብቅልኝ ሰው። «የት ነበርሽ?» ብሎ የሚያፋጥጠኝ ሰው አለመኖሩም ከሀብት ይቆጠራል። ግንዛቤ ከነዚህ ውስጥ የለም። ግንዛቤውንማ ቡናው ላይ ነው ያገኘሁት፤ ያውም አምስት ደቂቃ ሳይፈጅ።

አሁን ስለ እታለም ላውራችሁ።

እታለም የምላት የአክስቴ ልጅ ናት። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ጎጃም ውስጥ አንድ ቀዬ ነው የተወለድነው፤ አያታችን አንድ ናት፤ በአንድ ማጀት ነው ያደግነው። እኔን ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አጎቴ አዲስ አበባ ወስዶ ትምህርት ቤት አስገባኝ። እርሷን በአሥራ አራት ዓመቷ ዳሯት። ለምን እኔ ሄጄ እርሷ እንደቀረች ሁለታችንም ጠይቀን አናውቅም። አጎቴ ቤት አንድ አልጋ ብቻ ነበር፤ ይኸው ነው ምክንያቱ። በልጅነት ጭንቅላት ካየነው ከኔ እርሷ ትሻል ነበር። የአያታችንን ተረት አንድ ቃል ሳታጎድል የምትደግም፣ የሰው ንግግር የምትኮርጅ፣ ለቅሶ ላይ ሙሾ ስታወርድ ድፍን አገር የሚያነባላት ሴት ነበረች። ሥነ ጽሑፍ እኔ ልማረው እንጂ ያደረባት እርሷ ላይ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የቀበሌያቸው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እናቶችን ሰብስባ ስለዚሁ ምርመራ አስረዳች። ልጅቱ ጥሩ አስተማሪ ሳትሆን አትቀርም፤ ምክንያቱም እታለም በቀጣዩ ሳምንት ለመታየት ተነሳች። 49 ዓመቷ ነበር። ሁለት ሰዓት በእግሯ ሄዳ፣ ከመኪና መንገድ ደርሳ፣ ተሳፍራ፣ አገልግሎቱ ይሰጥበታል ወደተባለው ሐኪም ቤት ደረሰች። «የሠለጠነችው ነርስ ለስብሰባ ሄዳለች፣ ሌላ ጊዜ ነይ» አሏት። ተመለሰች።

ከሁለት ወር በኋላ እንቁላል ሸጣ የመሳፈሪያ አጠራቀመችና ደግማ ሄደች። በዚህኛው ቀን ነርሷ ነበረች። ግን «ጋዙ አልቋል» አለቻት። የቀጠለውን ታሪክ እታለም ራሷ ናት በኋላ አዲስ አበባ መጥታ፣ ታማም እየሳቀች ያወራችኝ። «ጋዝ አልቋል ስትለኝ፣ የማሾው መስሎኝ፣ ‘እኔ ከቤቴ አንድ ጠርሙስ ላምጣልሽ፣ ልጄ’ አልኳት» አለችኝ። ያለቀው በብረት ሲሊንደር የሚመጣው፣ የተለወጠውን ቦታ የሚያቀዘቅዙበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ማከሚያው ከሌለ ምን ብዬ ልያት ብላ ነው ነርሷ የመለሰቻት። ይህ ችግር የዚያ ሐኪም ቤት ብቻ አልነበረም፤ የጋዝ መጥፋት በብዙ ቦታ አገልግሎቱን ሲያቋርጥ ኖሯል። እታለም ሦስተኛ አልሄደችም።

በ2013 ዓ.ም. ደም ታያት። የወር አበባዋ ከቆመ ቆይቶ ነበርና «ተመልሶ መጣ» ብላ ዝም አለች። ቆይታ ጠበል ገባች። ቆይታ መድኃኒት ተሰጣት። ልጆቿ አዲስ አበባ እኔ ጋ ሲያመጧት ሐኪሙ አይቷት ከወጣ በኋላ ለብቻዬ ጠራኝ። ካንሰሩ ማህፀን በሩን አልፎ ተሠራጭቶ ነበር። ሕመሙን ከማስታገስ በቀር የሚደረግ ነገር አልቀረም። በ2014 ዓ.ም. በዓቢይ ጾም ውስጥ ተለየችን። ሰው ሙሾ እንዲያወርድላት ሲፈለግ፣ የሚያወርደው ሰው እርሷ ነበረች።

በ2009 ብትታይ ኖሮ ትድን ነበር ብዬ አልምልም። ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪምም ቢሆን አይምልም። ነገር ግን ለውጡ ዓመታት እንደሚፈጅ ከላይ ጽፌያለሁ፤ ሒሳቡን እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ። የማውቀው ይህን ነው፦ አንዲት ማንበብ የማትችል ገጠሬ ሴት ስለ ማህፀን በር ካንሰር ተነገራት፣ ገባት፣ አመነች፣ ሁለት ጊዜ ደጅ ጠናች፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። እንግዲህ እርሷን ምን ብለን ነው «ግንዛቤ አነሳት» የምንላት? ግንዛቤ ያነሰው በሩን የዘጋው ነው።

ያቺን ዓረፍተ ነገር የምጠረጥራት ለዚህ ነው። «ግንዛቤ የላቸውም» ስንል ጥፋቱ ከኛ ወጥቶ ወደነርሱ ይሄዳል። በጀቱም አብሮ ይሄዳል፤ ፖስተር ይታተማል፣ ከነቴራ ይለበሳል፣ በጥቅምት ወር ሮዝ ሪባን ይሰካል። ፖስተር አይጠቅምም አላልኩም። ግን ፖስተሩን አይታ የመጣችው ሴት «ሌላ ጊዜ ነይ» ከተባለች፣ ያ ፖስተር ባይለጠፍ ይሻል ነበር። ለጎረቤቶቿ ሁሉ ነው የምትነግራቸው። አንዲት ተመልሳ የሄደች ሴት የአሥር ፖስተር ሥራ ታፈርሳለች።

ፍትሐዊነት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እታለም ናት ያስተማረችኝ። «አገልግሎቱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ነፃ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ ምርመራው ነፃ ነው። መንገዱ ግን ነፃ አይደለም። የእንቁላሉ ዋጋ አለ፤ የዋለችበት ቀን አለ፤ ያልተቀዳ ውሃ፣ ያልተጋገረ እንጀራ አለ፤ «ምን ሆነሽ ነው? ምን በሽታ ይዘሽ ነው?» የሚል ባል አለ፤ ወንድ ባለሙያ ፊት አልጋ ላይ መውጣት አለ። እኔ በታክሲ ሄጄ የከፈልኩት ከእርሷ ነፃ ምርመራ ይረክሳል። ለሁለታችን እኩል በር መክፈት ለሁለታችን እኩል መስጠት ማለት አይደለም።

ደግሞ ነገሩ የገጠርና የከተማ ብቻ አይምሰላችሁ። በሠፈራችን በየቤቱ እየዞረች እንጀራ የምትጋግር አንዲት እናት አለች። ከጤና ጣቢያው የምትኖረው አምስት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምጣድ ላይ ናት። ከምጣድ የምትወርደው እሑድ ነው፤ እሑድ ደግሞ የምርመራው ክፍል ዝግ ነው። ለእርሷ ያ ጤና ጣቢያ እታለም ከሄደችበት ሐኪም ቤት አይቀርብም። የቤት ሠራተኞቹስ? የሕንፃ ሥራ ላይ ድንጋይና አሸዋ ተሸክመው የሚውሉት ሴቶችስ? አንድ ቀን መቅረት ለነርሱ የአንድ ቀን ጉርስ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው፣ «አንቺ ደግሞ! እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት፣ ወባ ሰው በሚጨርስበት፣ ጦርነት ስንት ጤና ጣቢያ ባወደመበት አገር ጤነኛ ሴት መመርመር ቅንጦት አይሆንም?» ይሉኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ አላናንቀውም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት የተዘረፉትንና የፈረሱትን ሐኪም ቤቶች እያሰብን፣ ባለሙያው ደመወዝ አይበቃኝም እያለ፣ «አልታመምኩም» ለምትል ሴት አልጋ አዘጋጁ ማለት ድፍረት ይመስላል።

ግን ሌላኛውን ወጪም እንቁጠረው። ጊዜው ያለፈበት ካንሰር የሚፈልገው ቀዶ ጥገና፣ ኬሞቴራፒና የጨረር ሕክምና ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ በአንድ ሆስፒታል፣ በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው ጂማን የመሳሰሉ ከተሞች የጀመሩት። አንድ የጨረር መሣሪያ ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ ስንት ጠርሙስ ኮምጣጤ እንደሚገዛ መገመት አያቅትም። ደግሞ በዚህ በሽታ የምትሞተው ብዙውን ጊዜ በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት፤ ቤቱን፣ እርሻውን፣ የልጅ ልጆቹን የያዘችው ምሰሶ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ካንሰሩ ከገባ በኋላ የምናወጣው ገንዘብ የውሻው ጩኸት ነው።

ድህነት ብቻውን መልስ እንዳልሆነ የሚያሳየን ጎረቤት አህጉር ሳንሻገር አለ። ሩዋንዳ በ2011 እ.ኤ.አ. ለልጃገረዶቿ የዚህን ቫይረስ ክትባት በአገር አቀፍ ደረጃ ስትጀምር ሀብታም አገር አልነበረችም። በትምህርት ቤቶች በኩል ከታቀዱት ልጃገረዶች ከ100ዎቹ ከ90 በላይ የሚሆኑትን አዳረሰች። ከሁሉ የሚገርመኝ ከትምህርት ቤት ውጪ ያሉትን ልጆች የኅብረተሰብ ጤና ሠራተኞቿን ልካ ቤት ለቤት ማስፈለጓ ነው። ያልመጣችውን ልጅ «ግንዛቤ የላትም» አላሏትም። ሄዱላት።

እኛም አገር ያለው ጨለማ ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ክትባቱ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መርፌ ለማዳረስ ትልቅ ዘመቻ ተካሂዷል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የማይገቡበት ቤት የለም። እነዚያ ልጆች የእርግዝና መከላከያን ከባሕል ጋር ታግለው ጓዳ ድረስ ያስገቡ ናቸው፤ ይህን አያቅታቸውም። ዘዴውም እየቀለለ ነው። በጋዝ ሲሊንደር ፈንታ በኤሌክትሪክና በባትሪ የሚሠራ፣ በሙቀት የሚያክም በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቀብሎታል። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራም አለ። ይህኛው ደስ የሚለው፣ ሴትየዋ ናሙናውን ራሷ፣ በቤቷ፣ በሯን ዘግታ መውሰድ መቻሏ ነው። አልጋ ላይ መውጣት የለ፣ ማፈር የለ። አሉታዊ ውጤት ያገኘችው በዚያው ታርፋለች፤ መንገዱ የሚያስፈልገው ቫይረሱ ለተገኘባት ብቻ ነው።

ግን ይህም ቢሆን አዲስ በር ተከፍቶ አሮጌው ልማድ እንዳይገባበት እሰጋለሁ። ናሙናውን ሰጥታ ውጤቱ በላቦራቶሪ ከጠፋስ? ቫይረሱ ተገኝቶባት የሚነግራት ቢጠፋስ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግብ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከ100 ሴቶች 70ዎቹ በ35 ዓመታቸው፣ እንደገናም በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ ይላል። እዚያው ጎን ደግሞ ችግር ከተገኘባቸው ከ100ዎቹ 90ዎቹ እንዲታከሙ ይላል። ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ነው የምንረሳት። መርምሮ አለማከም ነገሩን ነግሮ ማባረር ነው። ደግሞ ግቡን በብዛት ብቻ ከለካነው፣ 70ውን ከከተማ፣ ከመኪና መንገድ ዳር፣ ከደመወዝተኛው አሰባስበን «ግባችንን መታን» ብለን ማጨብጨብ እንችላለን። ቀሪዎቹ 30 እነማን እንደሚሆኑ መገመት ነቢይነት አይጠይቅም።

ስለዚህ ምን ይሁን ትሉኝ ይሆናል። እኔ እቅድ አውጪ አይደለሁም፤ እንደ አንድ ደጅ የቆመች ሴት ዘመድ ግን የምለው አለኝ። አንደኛ፣ ቀኑ የታወቀ ይሁን፤ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ያውም የገበያ ቀን፣ ሴቲቱ ጨውና በርበሬ ልትገዛ በወጣችበት። በከተማ ደግሞ ቢያንስ በወር አንድ እሑድ። ሁለተኛ፣ በአንድ ቦታ አንዲት ብቻ ሳይሆን ሁለት ባለሙያ ትሠልጥን፤ አንዷ ስብሰባ ስትሄድ ሌላዋ ትኑር፤ የሚቻል ከሆነ ሴት ትሁን። ሦስተኛ፣ ተመልሳ የሄደች ሴት ስሟና ቀበሌዋ ይመዝገብ፤ ጋዙ ሲመጣ ጤና ኤክስቴንሽኗ ሄዳ ትጥራት። እታለምን የሚያውቃት መዝገብ አልነበረም። ሁለቴ መጥታ ሁለቴ የሄደች ሴት በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ የለችም፤ በዚያ ዓመት ዘገባ ላይ «ለመመርመር ያልመጣች» ተብላ ነው የምትቆጠረው።

አራተኛውን ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ትቼዋለሁ። ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ሰዎች ቤታችሁ የምትሠራ፣ ቢሯችሁን የምታጸዳ፣ እንጀራ የምትጋግርላችሁ ሴት አለች። በአምስት ዓመት አንዴ ግማሽ ቀን፣ ከነክፍያው፣ መስጠት ማንንም አያደኸይም። ውሃ ሲጠፋ፣ መብራት ሲጠፋ ቀበሌ ሄደን መጮህ እናውቅበታለን። በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጥታችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ ምርመራው በየትኛው ቀን ነው የሚሰጠው? ችግር የተገኘባት ሴት እዚያው ትታከማለች ወይ? ተመልሳ የሄደችውስ ማን ይጠራታል? ጥያቄው መልስ ባያገኝ እንኳ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል።

እታለም ሦስት ሴት ልጆች አሏት። ትልቋ 39 ዓመቷ ነው፣ ታናሿ 31። ባለፈው የፋሲካ ማግስት ደወልኩላቸው። ትልቋ ተመርምራለች፤ ንጹሕ ነሽ ተብላለች። መካከለኛዋ ቀጠሮ ይዛለች። ታናሿ ግን ከሁሉም የራቀው ቀዬ ነው ያገባችው። «ሄጄ ነበር፣ አክስቴ» አለችኝ፤ «ሌላ ጊዜ ነይ አሉኝ።»

ቸር ይግጠመን።